የታሰረው ውሃ

አባቴን የፏፏቴ ድምፅ ያሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። እንዲህ ስላችሁ ያበድኩ ይመስላችኋል። አላበድኩም። አላወቅሁም ነበር፣ በቃ። የሚያውቁት ዝም አሉኝ። 

ከመነሻው ልንገራችሁ። አባባ፣ ሰው ሁሉ ጋሽ እንድሪስ የሚለው፣ በጉብዝናው ከወሎ ወጥቶ ወታደር ሆነ። ኮሪያ ዘመተ፣ እግሩን ቆሰለና ጃፓን ሆስፒታል ተኛ። ሲሻለው ቁስለኞቹን በአውቶቡስ ጭነው ተራራ ላይ ያሉ ቤተ መቅደሶችና አንድ ፏፏቴ አሳዩአቸው። የቦታውን ስም ረስቶታል። ያልረሳው አንድ ነገር ነው፤ ውሃው ከሚወረወርበት ገደል አናት ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ወፍራም ገመድ ታስሮ አየሁ ይላል። «ውሃውን አስረውታል» ይላል። ሌላ ማብራሪያ የለውም።

ይህቺን ወሬ ደሴም አወራት፣ አዲስ አበባም አወራት፣ አውስትራሊያ፣ ሜልበርን መጥቶ ሜልተን ሰፈር ታናሽ ወንድሜ ቤት ሲጦርም አወራት። የሚያምነው ግን ጠፋ። ታክሲ የሚነዳው ያገራችን ልጅ ሳላሀዲንማ ሥራዬ ብሎ ያዘው። በዒድ፣ በሠርግ፣ ሰው ሞልቶ ባለበት ይነሳና «ጋሼ፣ ያ ውሃ እስካሁን አልተፈታም? ምን ቢያጠፋ ነው?» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። አባባም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን አባቴን አውቀዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ማምሻው ቃል አይወጣውም። ቆይቶማ ኮሪያ መዝመቱንም የሚጠራጠሩ መጡ። በዚያ ዕድሜው ውሸታም መባል! እኔ ደግሞ ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ናት፤ ሳላሀዲንን ስንቴ ከቤት ላስወጣው ስነሳ አባባ «ተይው ዙሃራ፣ ልጅ ነው» ብሎ አስቀምጦኛል።

እንደ ፈረንጆቹ በሁለት ሺህ ሰባት፣ ላቨርተን ኖርዝ ከምሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ማሪቢርኖንግ ገበያ ገባሁ። አንድ የጉዞ ወኪል መስታወት ላይ ትልቅ ፖስተር ለጥፏል። ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ነጭ ፏፏቴ። ፏፏቴው አናት ላይ ገመድ። ወላሂ፣ ሰው መሀል ቆሜ ጮህኩ። ጥበቃው መጥቶ «አር ዩ ኦኬ?» አለኝ። ምን ብዬ ላስረዳው?

ከጉዞ ወኪሉ ያንኑ ሥዕል የያዘ ብሮሸር ተቀብዬ ሜልተን በረርኩ። አባባ መነጽሩን አድርጎ አየው፣ አውልቆ አየው፣ መልሶ አደረገ። 

«ይኼ ሥዕል ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ለሳላሀዲን ብታሳዪው ኮምፒውተር የሠራው ነው ይልሻል። ሰው ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ ካልመሰከረልኝ ምን ዋጋ አለው?»

እሱ መሄድ አይችልም። ልቡ ደክሟል፣ ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሎታል።

«አንቺ ሂጂልኝ» አለኝ። «ሳልሞት ንገሪኝ።»

አባባ በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም። የጃፓኑን ጉዞ ቡክ አደረግሁ። ታናሽ ወንድሜ አብዱልራህማንም «እኔ አለሁለት፣ ስለሱ አታስቢ» ብሎ ሸኘኝ።

ጉዞው በእግር ነው፣ በድንጋይ ደረጃ ሽቅብ፣ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው። አብረውኝ ያሉት ጡረታ የወጡ አውስትራሊያውያን ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ፍየል ይወጣሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ካርቶን ስሸከም የኖርኩት እኔ ከኋላ አለከልካለሁ። እነሱ ገብተው እንደ አገሩ ደንብ ሲያጎነብሱና ሲያጨበጭቡ እኔ በር ላይ ቦርሳቸውን እጠብቃለሁ። ለማየት እንጂ ለመስገድ አልመጣሁም። አስጎብኚያችን ኦካዳ የምትባል ደቃቃ ሴት ነበረች፤ ሙስሊም መሆኔን ሳልነግራት ገባት። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ኮምፓሷን አውጥታ ቂብላውን፣ የመካን አቅጣጫ፣ ታሳየኛለች፣ ሰግጄ እስክጨርስ ሰው በፊቴ እንዳያልፍ መንገዱ ላይ ትቆምልኛለች። መነኮሳቱ የሚያበሉን ምግብ ሥጋ የለበትም፤ ሐላል ነው ሐራም ነው ብዬም አልተጨነቅሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መናገር አሁን ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ስደውል አባባ ራሱ ያነሳል። «ደረስሽ?» ይለኛል። «ገና ነው አባባ፣ እሱ የመጨረሻው ላይ ነው» እለዋለሁ። ከዚያ በኋላ አብዱ ብቻ ያነሳ ጀመር። «ተኝቷል» ይለኛል። በነጋታው «ተኝቷል»። ሽማግሌ አይደል፣ ይተኛል አልኩ።

ፏፏቴውን ከማየታችን በፊት ሰማነው። ደረጃውን ወርደን ከዛፎቹ ስንወጣ ገደሉ ፊታችን ተገተረ። ቀና አልኩ። ገመዱ አለ። አባባ እንዳለው፣ ከዳር እስከ ዳር። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ፈረንጆቹ ታመመች ብለው ከበቡኝ። ኦካዳ የአባቴን ታሪክ መንገድ ላይ ነግሬያት ስለነበር ምንም ሳትጠይቅ ሞባይሏን ሰጠችኝ።

«አብዱ! ታስሯል! ገመዱ አለ! አባባን ስጠኝ!»

 «ተኝቷል» አለኝ።

«እንኳን ተኝቶ! ቀስቅሰው! ጆሮው ላይ አድርግለት፣ ድምፁን ይስማው!»

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ «እሺ፣ ይኸው አድርጌለታለሁ» አለኝ።

ስልኩን ወደ ውሃው ዘረጋሁ። ክንዴ እስኪዝል ያዝኩት። መልሼ አፌ ላይ አድርጌ «አባባ! አልዋሸህም! እኔ አየሁት! እኔ እመሰክርልሃለሁ!» እያልኩ ጮህኩ። ያንን ሁሉ ቱሪስት ከምንም አልቆጠርኩም። «ሰማ?» አልኩት አብዱን።

«ሰምቷል» አለኝ። «ፈገግ አለ።»

አባባ ከተቀበረ ሁለት ቀኑ ነበር።

ሜልበርን ስገባ አብዱ ብቻውን ኤርፖርት ጠበቀኝ። ጢሙ አድጓል። ፍሪዌዩን ሙሉ እኔ ነኝ የማወራው፤ ገመዱ እንዲህ ነው፣ ውሃው እንዲያ ነው፣ ካሜራዬን ከፍቼ እየነዳ ፊቱ ላይ እደቅንበታለሁ። «እ፣ እ» ብቻ ይለኛል። ደክሞታል አልኩ። ሜልተን ስንደርስ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው መንገድ በመኪና ተሞልቷል። የሳላሀዲንም ታክሲ ቆማለች።

እስኪ ሞኝነቴን ተመልከቱልኝ። ወሬው ተሰምቶ አባባን ይቅርታ ሊሉት የተሰበሰቡ መሰለኝ! ልቤ በደስታ ሊፈነዳ። መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወረድኩና ካሜራውን ከፍ አድርጌ ገባሁ።

«ሳላሀዲን! የታለህ? ና እይ! ና በገዛ ዓይንህ እይ!»

ወንዶቹ ሁሉ አቀርቅረዋል። ሳላሀዲን ተነሳ። ያ ሲሰድብ እንኳ ስቆ የሚሰድብ ሰው፣ ፊቱ እንደ ሕፃን ተጨማደደ። «እትዬ ዙሃራ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አለኝ። ሴቶቹ ከውስጥ መጥተው ግራና ቀኝ ያዙኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ጮኸሻል ይሉኛል።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ያውም ባዕድ አገር ብቻዋን ላለች ሴት፤ ደንባችን ነው፣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ እንዲያ አድርጌያለሁ። በራስ ሲደርስ ግን ሌላ ነው። እነሱ አልቅሰው ጨርሰዋል፣ ሐዘኑ ወጥቶላቸዋል፣ ሻይ እየጠጡ ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ። የኔ ገና መጀመሩ ነው። አብሮኝ የሚያለቅስ አጣሁ።

በማግስቱ አብዱን ጓሮ አገኘሁት፤ የአባባን ብርድ ልብስ አጥቦ ያሰጣል። ልገድለው ነበር የወጣሁት።

«የማን ጆሮ ላይ ነው ያደረግኸው?» አልኩት። «ስጮህ፣ እንደዚያ ስለፈልፍ፣ ማንን ነው ያሰማኸው?»

«ማንንም። መኪና ውስጥ ገብቼ እኔው ሰማሁት።» ብርድ ልብሱን አልለቀቀውም። «ምን ላድርግ ዙሁ? እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ሆነሽ ሞቷል ልበልሽ?»

«ሳያውቅ ሞተ እኮ! ለዚህ ነው የላከኝ! ንገሪኝ አለኝ፣ ሳልነግረው!»

«ያውቃል» አለኝ። «ሆስፒታል እያለ ደረሰች ወይ ሲለኝ፣ ደርሳለች አልኩት። ገመዱም አለ ብላለች አልኩት።»

አሰብኩ። እሱ ሆስፒታል እያለ እኛ ገና መንገድ ላይ ነበርን፤ ፏፏቴውን በዓይኔ አላየሁትም ነበር። ቢሆንም ቁጣዬ ሁሉ እንዴት እንደበረደ! «እሰይ ወንድሜ» አልኩት። «እሰይ፣ ደግ አደረግህ። ደስ አለው?»

«አለቀሰ። አልሐምዱሊላህ አለ።»

አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። የመጣሁ ጊዜ ያጣሁትን ያን ጊዜ አገኘሁ፤ ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ ምነው ዝም ባልኩ ኖሮ። ዝም አላልኩም፣ ያ ክፉ አፌ ጠየቀ። «ሌላስ ምን አለ?» አልኩት።

አብዱ ከእቅፌ ወጣ። ብርድ ልብሱን ማስተካከል ጀመረ።

«ምን አለ አብዱ? ተናገር እንጂ!»

«በቃ፣ ካየች አሁን ትምጣልኝ አለ።» ፊቱን አላዞረም። «ደርሳለች ብዬዋለሁ፣ ምን ልበለው? መንገድ ላይ ናት አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ነርሷ ስትገባ፣ ሰው ሲያልፍ፣ ቀና እያለ ያያል። በሩን እያየ ነው የሞተው።»