የእማዬን ባትሪ የጨረሰው

መኪናዋ ዛሬም ቁልፍ ሲዞርባት "ጨክ" ብላ ዝም አለች። ልብስ ሰፊው መሪውን በጡጫ ነረተው።

"ያ ጩጬ ነው! ማታ ማታ ሬዲዮ ከፍቶ ሲዝናና ያመሻል፣ ጠዋት እኛ ሬሳ እንገፋለን!"

ጩጬ የሚሉት ታናሽ ወንድሙን ነው። ሰውየው ፀጉሩ ሸብቷል፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም። "ምን አባህ ታውቃለህ?" አለ ከግቢው በር ላይ። "ለደንበኞችህ ልብስ ስታመላልስባት የምትገድላት አንተ ነህ።"

እናታቸው ከኋላ ወንበር ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ያለፈው ቀጠሮ በዚችው መኪና እምቢታ አመለጣቸው፤ ቀዶ ጥገናውን የሚሠራው እንግዳ ሐኪም ደግሞ ዛሬን ሠርቶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው። ታክሲ እንጥራ ቢባሉ ወይ ፍንክች! "ሁለት ወንድ ወልጄ በሰው መኪና? የምወርደው ሆስፒታሉ በር ላይ ነው።"

ልብስ ሰፊው የመኪና ኤሌክትሪሻን አስጠርቷል፤ ወንድሙን በእናቱ ፊት እጅ ከፍንጅ ሊያስይዝ። ኤሌክትሪሻኑ ኮፈኑን ከፈተ፣ የሞተውን ባትሪ አውጥቶ የራሱን አስገባ።

"በዚህ አስነሱና እማማን አድርሱ። ችግሩን ስትመለሱ እፈልገዋለሁ።"

"አይሆንም!" አለ ልብስ ሰፊው። "መጀመሪያ ሌባው ይታወቅ!"

"ይታወቃ!" አለ ጩጬም። ወይ እልህ!

ኤሌክትሪሻኑ ትከሻውን ሰበቀ። ከባትሪው አንዱን ገመድ ፈትቶ በመሃል ቴስተሩን አስገባ፤ ከቆመችው መኪና የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ በቁጥር ያሳያል። የሾፌሩን በር ከፍቶ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጠቅ አደረገው፣ በሩ የተዘጋ እንዲመስላት ለመኪናዋ። "ማንም ምንም እንዳይነካ። መኪናዋ እስክትተኛ እንጠብቃለን።" ፀሐይዋ እየከረረች፣ ሁለቱ እየተጉረጠረጡ ጠበቁ።

ከዚያ ፊውዝ እየነቀለ ቴስተሩን ማየት ጀመረ። የሬዲዮው ተነቀለ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የመብራቱ፣ የክላክሱ፣ ሁሉም ተነቀለ፤ ቁጥሩ ያው ነው።

"ይሄ ሬዲዮ አይደለም" አለ ኤሌክትሪሻኑ። "አንድ ሰው ከባትሪው በቀጥታ ሽቦ ስቧል።"

ልብስ ሰፊው ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ሰደደ። ሽቦውን ያውቀዋላ! ጩጬ የት የት እንደሚዞር በስልኩ ሊያይ ያስገጠመው ጂፒኤስ ነው። የሱቁ ሰውዬ "ባትሪ አይነካም" ብሎ ምሎለት ነበር፣ ውሸታም።

"ተወው በቃ፣ ረፍዷል" አለ።

"ምነው? ሌባው ይታወቅ አላልክም?" አለ ኤሌክትሪሻኑ።

እጁን ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር አስገብቶ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ከሽቦው ነቅሎ አወጣ። "ጂፒኤስ። የማን ነው?"

ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየ። ጩጬ አጨበጨበ። "አንተ ዓይንህን በጨው የታጠብክ! እኔን ስትሰልል ነው እማዬን ያስቀረሃት?"

"ቆይ" አለ ኤሌክትሪሻኑ ወደ ቴስተሩ ተመልሶ። "ቁጥሩ የወረደው በግማሽ ነው።" እጁን በሌላው በኩል ከተተ። ሁለተኛው ሳጥን ወጣ፤ የዚያው ሱቅ ምልክት ተለጥፎበታል። የጩጬ ጭብጨባ አየር ላይ ቀረ።

"ባትሪዋ አንዱን ብቻ ትችለው ነበር" አለ ኤሌክትሪሻኑ ፊውዞቹን መልሶ ገመዱን እያሰረ። "ሁለቱ ተጋግዘው ነው የጨረሷት።"

"ምን አገኘህ የኔ ልጅ?" አሉ እናትየው ከኋላ።

"ልጆችዎ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ነው፣ እማማ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

እማማ በዳበሳ እጀታውን አገኙ፣ በሩን ከፍተው ወረዱ። "ያንተ መኪና ትነሳለች?"

"ትነሳለች፣ ግን ወንበሯ ግሪስ በግሪስ ነው።"

"እጄን ያዘኝ።"

"እማዬ!" ሁለቱም ተንደረደሩ።

"እጃችሁን አንሱ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እየታወርኩ እናንተ ሌባ ትፈልጋላችሁ? አንዳችሁም እንዳትከተሉኝ!"

ልብስ ሰፊው ሮጦ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ በአንዴ ተነሳች።

"ውረድ! የምነዳው እኔ ነኝ!" አለ ጩጬ በሩን እየጎተተ።

"አንተ ማነህና!"

የኤሌክትሪሻኑ መኪና እናታቸውን ይዛ በመንገዱ ጫፍ ስትታጠፍ፣ ሁለቱ ገና በሩን እየተጓተቱ ነበር።