አባባ እስኪጨርሱ

የሥራ ባልደረቦቿ «ሪባን» ነበር የሚሏት። በአንድ ትልቅ መደብር ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ ቆማ የሰው ስጦታ ትጠቀልላለች። በአዘቦቱ ጊዜ ሥራው እንደ ነገሩ ነው። ገና ሲቃረብ ግን ከየፎቁ የወረደ ሰው ሁሉ እሷ ላይ ይከመራል፤ ሽቶ፣ ሹራብ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ አሻንጉሊት የያዘ ሁሉ «ቶሎ በይልኝ» ይላታል። ከጣሪያው የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያላዝነዋል። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ጣቶቿን ስለሚሸረክታቸው፣ ማታ ሰሃን ስታጥብ ሳሙናው ያንገበግባታል።

«በዓሉ ሊገባ ሲል የኔ ነፍስ ልትወጣ ትደርሳለች» ትል ነበር።

ቤት ውስጥ አራት ናቸው። እሷ፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባሏ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷትም «ሚጣ» መባሏ ያልቀረላት ልጃቸው፣ እና የባሏ አባት፣ አባባ። አባባ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ አንደበታቸውም ተሳስሯል። አንዲት ቃል ለማውጣት ብዙ ይታገላሉ። ቤተሰቡም ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ችኮላ ይዞት ቃሉን ከአፋቸው እየነጠቀ ይጨርስላቸዋል። «ወ...» ሲሉ ወተት ይመጣላቸዋል። የፈለጉት ወንበር ከነበረም ወተቱን ጠጥተው ዝም ይላሉ።

ከገና በፊት ያሉት አራት ሳምንታት፣ ቤተ ክርስቲያናቸው የመጠበቂያ ጊዜ የምትላቸው፣ ሊገቡ ሲሉ ሚጣ ከትምህርት ቤት አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። ለጓደኞቿ በሙሉ በየቀኑ አንዲት መስኮት እየከፈቱ ቸኮሌት የሚያወጡበት ሳጥን ተገዝቶላቸዋል አሉ። በየሳምንቱም ትንንሽ ስጦታ ይጨመርበታል።

«የኛስ መቼ ነው የሚገዛው?»

ሪባን ገና ጫማዋን አላወለቀችም። «ምንም አንገዛም» አለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «ቀኑን ሙሉ ስጠቀልል ውዬ ቤቴም ገብቼ ልጠቅልል? ዘንድሮ በየእሑዱ ማታ ሻማ አብርተን አብረን እንቀመጣለን። የመጠበቂያ ጊዜ አይደል የሚባለው? እንጠብቃለን።»

«ምኑን ነው የምንጠብቀው?»

«እሱን ስንጠብቅ እናየዋለን።»

ሹፌሩ ከሶፋው ላይ ሳቀ። «እኔ ቀይ መብራት ስጠብቅ ነው የምውለው። እሑድን ደግሞ ሻማ ስጠብቅ ላምሽ?»

በመጀመሪያው እሑድ መብራት ሲጠፋ ይበራሉ ተብለው ከተቀመጡት ሻማዎች አራቱን ሰሃን ላይ አቁማ አንዱን ለኮሰች። ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ስልኮቹ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቂት ልታነብ ጀመረች፤ ግን ፊደሎቹ ዓይኗ ላይ ይዋኙባት ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳትደርስ ሹፌሩ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ አንኮራፋ። ሚጣ በየመሃሉ «አለቀ?» ትላለች። አባባ ብቻ እሳቱን እያዩ ተቀምጠዋል። ሪባን መጽሐፉን ዘጋችውና «እሰይ፣ ማማሩ!» አለች ለራሷ።

በሁለተኛው እሑድ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የማንበብ አቅም አልነበራትም። ሁለት ሻማ ለኮሰችና ተዘርግታ ተቀመጠች። ሹፌሩም ደክሞታል፤ ሚጣም አኩርፋለች። የሚያወራ ሰው ጠፋ። አባባ «እ...» ያሉት በዚያ ዝምታ መሃል ነበር።

ሹፌሩ ባነነና «እራት ነው አባዬ? እንቅልፍህ መጣ?» አለ።

አባባ በእምቢታ ራሳቸውን ወዘወዙ። «እ...»

«እግራቸውን ቆርጥሟቸው ይሆናል» አለች ሚጣ።

ሪባንም እንደ ወትሮዋ ልትገምት አፏን ከፈተች፤ ለግምትም ጉልበት አጣች። «ተዉአቸው እስቲ» አለች። «ይጨርሱ። የት እንሄድ ብለን ነው?»

ጠበቁ። የአባባ የአንገት ሥር ተገተረ። ግራ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨመደደ። ሪባን መመልከቱ ጨንቋት ዓይኗን ወደ ሻማው መለሰች።

«እናትህ» አሉ በመጨረሻ።

ሹፌሩ እንቅልፉ በኖ ጠፋ። እናቱ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ከቀብሯ ቀን ጀምሮ አባቱ አንስተዋት አያውቁም። «እናቴ ምን?» አለ። እሳቸው ግን ላብ በላብ ሆነው ነበር። ለዛሬ በቃኝ በሚል እጃቸውን አነሱ።

በሳምንቱ መሃል ሚጣ ደጋግማ ጠየቀቻቸው። ነገር ግን ምጣዱ ሲንጫጫ፣ ስልክ ሲጮህ፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ አንደበታቸው ጭራሽ ይዘጋል። ሹፌሩ እንኳ ከመነሻ ጣቢያው እየደወለ «ጨመረ እንዴ?» ይል ጀመር። በሦስተኛው እሑድ ማንም ሳይጠራው ሁሉም ጠረጴዛው ዙሪያ ተገኘ። አባባም እየጣሉ፣ እያነሱ፣ «ስታረግዝህ... መተኛት... አልቻለችም» እስከሚለው ደረሱና ደከሙ።

ከአራተኛው እሑድ በፊት በነበረው ቀን አለቃዋ ሪባን ጠረጴዛ አጠገብ መጥታ ቆመች። «ነገ እስከ መዝጊያ ትቆያለሽ። ሕዝቡን እያየሽው ነው።»

«ነገስ አልችልም።»

«ምነው? የታመመ ሰው አለሽ?»

«አማቴ የጀመሩት ወሬ አለ። እስኪጨርሱ መጠበቅ አለብኝ።»

«ወሬ? በስልክ አይጨርሱልሽም?»

ሪባን ሳቋ መጣ፤ በዚያ ወር የመጀመሪያ ሳቋ ነበር። «አይጨርሱልኝም» አለች። አለቃዋ ፊቷን አጠቆረችና ከበዓሉ ማግስት ሊሰጣት የነበረውን የዕረፍት ቀን ሰረዘችባት። ሪባን እያዘነች መቀሷን አነሳች እንጂ ቃሏን አላጠፈችም።

እሑድ ማታ አራቱም ሻማዎች በሩ። አባባ ጀመሩ። በየቃሉ መሃል የሚያልፈው ጊዜ ሰው ወጥቶ ይመለስበታል፤ ግን ማንም አልተነሳም።

«ቁጭ ብላ... ነበር... የምታድረው። እኔም... ከጎኗ። ድንጋይ... ስሸከም... ውዬ። ቤቱ... ባዶ። ወሬም... አለቀብን።»

«ታዲያ ምን ስታደርጉ ታድሩ ነበር አባባ?» አለች ሚጣ።

አባባ በግራ እጃቸው ልጃቸውን አመለከቱ። «ዝም ብለን... ጠበቅነው።»

የሰውን ሁሉ ቃል ቀምቶ የሚጨርሰው ሹፌር የአባቱን በድን እጅ በሁለት እጁ ያዘና ቆየ። ከዚያ «ብዙ አስጠበቅኋችሁ?» አለ።

አባባ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሁሉም ጠበቀ።

«ያኔም... ሥራህ... መዘግየት ነበር።»

ሚጣ በሳቅ ወንበሩ ላይ ተንከባለለች። አባባ ራሳቸው በተጣመመው አፋቸው ሳቁ። ሪባን እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ ድካሙ ይሁን ወሬው ያስለቀሳት ለይታ አታውቀውም።

በዓሉ እንዲያ እንደሚወራለት አልሆነም። አባባን ብርድ መትቷቸው አልጋ ላይ ዋሉ። ሚጣ ጓደኞቿ «ምን ተገዛልሽ?» ባሏት ቁጥር «ምንም» ማለት ሰልችቷት ስልኳን ዘጋችው፤ ጥቂትም አለቀሰች። ሪባንም በማግስቱ ሥራ ገብታ፣ የጠቀለለችውን ሁሉ ፈትተው ሊመልሱ የተሰለፉ ሰዎችን ስታስተናግድ ዋለች።

ማታ በሩን ከፍታ ስትገባ ሚጣን አባባ አልጋ ጫፍ ላይ አገኘቻት። አያቷ ዘፈን ይችሉ እንደሆነ ጠይቃቸዋለች፤ እሳቸውም መልሱን ጀምረዋል። ሪባን ወደ ጓዳ ልታልፍ ብላ ተወችው። ከነኮቷ እዚያው ደጃፉ ላይ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ማዳመጥ ጀመረች።