ጥሬ የሚለው ፎልደር

ከቀጭኔ ጋር ሥራውን ስንጀምር እሱ የቸኮለው ኮድ ጽፎ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ለማየት ነበር። እኔ ግን ፎልደሮቹ በሥርዓት ሳይከፈቱ አንዲት መስመር አትጻፍም ብዬ ድርቅ አልኩ።

የምንሠራው ሞድ ነበር፤ በአንድ የቆየ የአውቶቡስ መንጃ ጨዋታ ላይ የራሳችንን ሰፈርና ፌርማታዎች መጨመር ማለት ነው። ቀጭኔ አብሮ አደጌ ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ ከየበሩ ጉበን ጋር እየተጋጨ ያደገ ስልክ ጠጋኝ። ኮዱ የሱ፣ ሥዕሉና ድምፁ የኔ ነበር።

ሦስት ፎልደር ከፈትኩ። «ጥሬ» ያልተነካ ፎቶና የድምፅ ቅጂ የሚገባበት፣ «በሥራ ላይ» የሚታረመው፣ «ለጨዋታው» ደግሞ ያለቀለት ብቻ። ሦስቱንም በኢንተርኔት የጋራ አደረግናቸው፤ እኔ ያስገባሁት እሱ ጋ ይታያል፣ እሱ ያጠፋውም እኔ ጋ ይጠፋል። አንድ ደንብም አወጣሁ፤ አንድ ፋይል የሚቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ኮፒ ክልክል።

ደንቡ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች ተምታተውብን፣ የአንድ ትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔት ሳይታረም ታትሞ ጉድ ፈልቷል። ከዚያ ወዲህ ኮፒ ሳይ ያንገሸግሸኛል። ቀጭኔንም ኮፒ አስቀምጦ ባገኘሁት ቁጥር ጮኼበታለሁ።

የፌርማታዎቹን ስም የሚጠራው አባቴ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ሐኪሙ ጉሮሮው ላይ የበቀለው ነገር ከነድምፁ መውጣት አለበት ሲለን፣ ለቀዶ ጥገናው አሥር ቀን ሲቀረው ቁም ሣጥን ውስጥ ካፖርቶች መሃል አስቀምጬ ቀዳሁት። ውጭ የሚጮኸው እንዳይገባ ብዬ ነው። ስልሳ አንድ ቅጂ ሆነ። «ወራጅ ካለ ወደ በሩ ይጠጋ! እንቅልፍ ወስዶት ያለፈው በኔ አያሳብብ!» ይላል፣ ያልሰጠሁትን ሁሉ ከራሱ እየጨመረ። ላሰማው ብል እምቢ አለኝ። «ሲያልቅ መሪ ይዤ ነው የምሰማው» አለ። ቅጂዎቹን «ጥሬ» ውስጥ አስገብቼ፣ በደንቤ መሠረት ከስልኬ አጠፋኋቸው።

አሁን አባቴ የሚያወራው በደብተር ነው። በየሳምንቱ «ደረሰ?» ብሎ ይጽፍልኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሥራ ቦታ ሳለሁ ሞዱ ወጣ። የነገረኝ ቀጭኔ አይደለም፤ ተጫዋቾች የሚሰባሰቡበት ገጽ ላይ ነው ያየሁት። ደስታዬ ልክ አጣና ገና ሳልከፍተው ለእናቴ ደውዬ «ወጣ በይው!» አልኳት። ከዚያ ከፈትኩት። የሠሪዎች ስም በሚጻፍበት ቦታ የቀጭኔ ስም ብቻ አለ። ይሁን፣ ረስቶት ይሆናል አልኩ። አውቶቡሱን አስነስቼ የመጀመሪያው ፌርማታ ስደርስ፣ የማላውቀው ሰው በተወለወለ የማስታወቂያ ድምፅ የፌርማታውን ስም ጠራ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሮጬ «ጥሬ»ን ከፈትኩ። ባዶ ነው፤ በሌሎቹ ፎልደሮችም የአባቴ ድምፅ የለም።

ቀጭኔ ሱቅ ስደርስ የአንድ ስልክ ሆድ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቷል።

«አባባ እንዴት ናቸው?» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ድምፁ የት ነው?»

ካቻቪቴውን አስቀመጠ። «ውድድር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ለሠራው የተለየ ዘርፍ አላቸው። ዳኞቹ ደግሞ ሙሉ ፎልደሩን ነው የሚያዩት፤ ያንቺ ፋይል ከተገኘ ውጪ ነኝ። ካሸነፍኩ ይቀጥሩኛል። ዕድሜ ልኬን የሰው ስልክ ስገለብጥ ልኑር?»

«እሺ፣ የኔን ስም አጥፋ። የአባቴን ድምፅ ምን አደረገህ?»

«ጨዋታውን የሞከሩት ሰዎች ሻካራ ነው አሉ። የማን ነው ብለው መጠየቃቸውም አይቀርም።»

«ከኮምፒውተሩ ቅርጫት አውጣና መልሰው።»

«ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌዋለሁ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺ ጋ ኮፒ አለ አይደል?»



«ደንባችንን ታውቃለህ» አልኩት።

«የምርሽን ነበር እንዴ? ሰው አባቱን ኮፒ ሳያደርግ ይቀመጣል?»

ደሜ ፈላ። በዝናብ ቀን አባቴ አውቶቡሱን ከመስመሩ አስወጥቶ፣ ኃላፊው እየተቆጣው ትምህርት ቤት በር ድረስ ያደረሰው ልጅ ነው እንዲህ የሚለኝ። እንደተከዳሁ የገባኝ ስሜ የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ የራሴን ጥፋት መሸሸጊያ ሲያደርገው ነው። ጥፋቱ ደግሞ እውነት ነው። ይህን ማወቄ ንዴቴን አላበረደውም፤ አባሰው። «ከዛሬ ጀምሮ አታውቀኝም» ብዬው ወጣሁ፤ ቤቴ እስክደርስ ድረስ መንገድ ላይ ብቻዬን እያወራሁ ነበር።

አባቴ ጺሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ማዳመጫ አጥልቆ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጧል። እናቴ ወንበሩ ላይ ትራስ አድርጋለታለች። ልነግረው ነበር፤ እግረ መንገዴን ቃሉን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁት። እሱ ግን በጣቱ ስክሪኑን አሳየኝ፤ ሆዴ ባባና ከፈትኩለት።

በሁለት ጣት እየነዳ ተነሳ። ሰው የለ ነገር የለ፣ ከመታጠፊያው በፊት ግራና ቀኝ አየ። በመጀመሪያው ፌርማታ ላይ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ አውቶቡሱን ዳር አስይዞ ፍሬን ያዘ። ደብተሩን ስቦ ጻፈና ወደኔ ገፋው።

«የሚጠራው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ግን የተኛ ተሳፋሪ አይቀሰቅስም። አሁን የኔን ክፈቺልኝ።»

ማዳመጫውን አላወለቀም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቅ ጀመር።