ሟቹ መንገድ መሪ

«ወደ ተራራው የሚመራን ይህ ሰውዬ ነው?» አለ ጀርመናዊው በአጥሩ በር ላይ የተለጠፈውን ፎቶ በጣቱ እያመለከተ። «ፊቱ ደስ ይላል።»

ቬኔታ ቁልፉን እንደያዘች ቀረች። ፎቶው የባሏ የራድኮ ነው። ራድኮ ደግሞ ከሞተ አሥር ወሩ ነው። በዚህች የተራራ ሥር ከተማ በብሬስቴ ሰው ሲሞት ፎቶውና ስሙ ያለበት ወረቀት በቤቱ በር፣ በዳቦ ቤቱ ግድግዳና በአውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ይለጠፋል። በአርባው ይታደሳል፣ በመንፈቁ ይታደሳል፣ በሙት ዓመቱም እንዲሁ። በሩ ላይ ያለው የመንፈቁ ነበር። ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ ከተማው ውስጥ የለም። ቲልማንና ሚስቱ ፍራውከ ግን ከሐምቡርግ የመጡ ናቸው፤ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም። ጺሙን አበጥሮ ፈገግ ያለ ሰው አዩና የአከራዩ ማስታወቂያ መሰላቸው።

ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አልነበረም። ቤቱ በኢንተርኔት ለኪራይ ሲወጣ ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ራድኮ ነው። «እንግዶቼን ከዋሻው በላይ ወዳለው ሐይቅ እኔው ራሴ እወስዳለሁ። ተራራውን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ» ይላል። ይህን ጽፎ ሞተ፤ ጽሑፉን ያነሳው ሰው አልነበረም።

«ሞቷል» የሚለው ቃል የቬኔታ ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ልትናገር ስትል ልጇ ዴቴሊና ታወሰቻት። ግማሹ ቤት በውርስ የዴቴሊና ነው፤ ቤቱን አፍርሶ ሆቴል ሊሠራ የሚፈልግ ገዢም አግኝታለች። «እማ፣ ይህን በጋ እሰጥሻለሁ» ብላት ነበር። «እንግዳ መጥቶ ጥሩ አስተያየት ከጻፈልሽ አልሸጥም። ካልሆነ ፕሎቭዲቭ ከተማ እኔ ጋ ነሽ፣ ስድስተኛ ፎቅ።» በጋው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። በሩ ላይ የቆሙት እነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ናቸው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለች ቬኔታ ዓይኗን በጨው አጥባ። ብሬመን ውስጥ አንዲት አሮጊት ስትጦር አምስት ዓመት ስለኖረች ጀርመንኛው አያስቸግራትም። «ለጊዜው ተራራው ላይ ጎጆ ውስጥ ነው፣ አይብ ይሠራል። መንገዱን ግን ምልክት ያደርግላችኋል።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የጎማ ቦቲዋን አጠለቀች። አንድ አሮጌ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ ቀድዳ ቁራጮቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንስታ እስከ ሐይቁ ድረስ በየዛፉ አሰረች። መንገዱ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት ድንጋይ ቆለለች። ምንጩ ዘንድ ራኪያ የሚሉትን የፍሬ አረቄ ጠርሙስ ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ አስቀመጠች፤ በአይብ የተጋገረውን ባኒጻም በጨርቅ ጠቅልላ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለች። በአቋራጭ ተመልሳ እንግዶቹ ሲነሱ ሽርጧን አድርጋ ወተት ታፈላ ነበር።

ማታ ፀሐይ አቅልቷቸው ተመለሱ።

«ራድኮ ሊቅ ነው!» አለ ቲልማን። «ጠርሙሱን የት እንዳስቀመጠው ቢያዩ!»

«ልክ እግሬ ሲዝልብኝ» አለች ፍራውከ፣ «ልክ እዚያ ላይ መቀመጫ ግንድ አስቀምጦልኛል። ይህ ሰው ልብ ያነባል።»

ግንዱን ከቁልቁለቱ አንከባላ ያመጣችው ቬኔታ ናት። ወገቧን በመዳፏ ደግፋ «አዎ፣ አሳቢ ነው» አለች።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዋሻው፣ በሦስተኛው ወደ እንጆሪው ሜዳ ላከቻቸው። የጠረጴዛ ልብሱ አልቆ ወደ መጋረጃው ተዛወረች።

በአጥሩ ማዶ ጾንካ አለች፤ እሷም ሦስት ክፍል ታከራያለች። በዚያ ሳምንት ሦስቱም ባዶ ነበሩ።

«አንቺ ቬኔታ!» አለቻት በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ። «ራድኮ ተነሣ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ማን አለ?»

«ጀርመንሽ ነዋ! ባየኝ ቁጥር ‹ራድኮ፣ ራድኮ› እያለ አውራ ጣቱን ይቀስርልኛል። እኔ እኮ የቀብሩን ንፍሮ በልቻለሁ ሴትዮ! ያውም ሁለት ጊዜ ዘግኜ!»

«ሦስቴ ነው የዘገንሽው። እስከ ነገ ዝም ብትይልኝ ምን አለበት?»

«ዝም? የእኔ አልጋ ጾሙን እያደረ፣ አንቺ በሬሳ ትነግጃለሽ! ቆይ ብቻ።»

ጾንካ ብዙም አልቆየች። ያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቲልማንን በሩ ላይ ጠበቀችው። ቬኔታ በወጥ ቤቱ መስኮት ታያቸዋለች። ብትወጣ ነገሩ ይብሳል፤ ስለዚህ አፏን በሽርጧ ይዛ ቆመች። ጾንካ ጀርመንኛ አትችልም። ወደ ፎቶው አመለከተች፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አነባበረች፣ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ወደ ኋላ ጣለች። አጥሩን ባትደገፍ ኖሮ ልትወድቅም ነበር። ቲልማን ደነገጠ። በአየር ላይ መስቀል ሠራና ቅንድቡን ሰቅሎ ጠየቃት፦ ሞተ?

ጾንካ በሙሉ ልቧ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች። ብሬስቴ ውስጥ እንዲህ ሲወዘወዝ «አዎ» ማለት ነው። ሐምቡርግ ውስጥ ግን «የለም» ማለት ነው። ቲልማን እፎይ ብሎ ደረቱን ዳሰሰ፤ እጇን ጨብጦም አመሰገናት። ጾንካ ሥራዋን እንደጨረሰ ሰው ሽቅብ እያየች ወደ ቤቷ ገባች።

ማታ ፍራውከ አንድ ብልቃጥ ማር፣ የጉሮሮ ከረሜላና የሱፍ ካልሲ ይዛ ወጥ ቤት መጣች።

«ለራድኮ ይላኩለት» አለች። «ታሞ መተኛቱን ጎረቤትዎ ነገሩን። ሞቶ ይሆን ብለን ክው ብለን ነበር፤ እሳቸው ግን አልሞተም አሉን።»

ቬኔታ ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ፍራውከ ያለቀሰች መስሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት።

«አይዞዎት፣ ይድናል። ታሞ እንኳ ምልክቱን አለማስታጎሉ! ቲልማን አስተያየቱን መጻፍ ጀምሯል፤ ሁሉም ስለ ራድኮ ነው። ስለ እርስዎም አንድ መስመር አለው።»

«ምን ይላል?»

«‹ቁርሱ ጥሩ ነው› ይላል።»

የቬኔታ ሳቅ እዚያው ቆመ።

አባቷ ደን ጠባቂ ነበር። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ተራራውን እየተከተለችው ዞራለች፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ታውቃለች። ራድኮ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ሐይቁን ያየው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀንም ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ በበቅሎ ተጭኖ ተመለሰ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ግን ስለ ተራራው የሚያወራው እሱ ነበር። እሷ ያየችውን ማታ ማታ ትነግረዋለች፣ እሱ በማግስቱ እንደራሱ አድርጎ ይተርከዋል። እሺ፣ በሕይወት እያለስ ይሁን። ሞቶም?

እንግዶቹ ነገ ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ዝም ብትል አስተያየቱ ይጻፋል፣ ቤቱም ይተርፋል። ይህን አሳምራ ታውቃለች። ዝም አለችም፤ ሽንኩርቱን ከትፋ እስክትጨርስ፣ ሾርባውን እስክታወጣ ዝም አለች። ቲልማን ግን ራት ላይ ብርጭቆውን አነሳ።

«ለራድኮ ጤና!»

ቬኔታ ጭልፋውን አስቀመጠች።

«ራድኮ ሞቷል» አለች።

ቲልማን ከመቀመጫው ዘለለ። «አሁን?»

«የዛሬ አሥር ወር። በሩ ላይ ያያችሁት የሙት ወረቀት ነው። ደግሞም ልንገራችሁ፣ በሕይወት እያለም ከመጠጥ ቤቱ ወዲያ አያልፍም ነበር! ጨርቁን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ራኪያውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ግንዱን ያንከባለልኩት እኔ ነኝ፣ ወገቤ ይመስክር!»

ፍራውከ ማንኪያዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ዋሽተውናል» አለ ቲልማን ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«ለምን?»

«ጥሩ ካልጻፋችሁልኝ ልጄ ቤቱን ትሸጠዋለች።»

«ታዲያ ልጽፍ ስል ለምን ነገሩኝ?»

ቬኔታ ጭልፋውን መልሳ አነሳች። «‹ቁርሱ ጥሩ ነው› ስላሉኝ» አለች።

ፍራውከ ሳቋ አመለጣት። ቲልማን ግን አልሳቀም። ሾርባውን ሳይጨርስ ስልኩን ይዞ ወደ ክፍሉ ወጣ። ቬኔታ ሳህኖቹን ስታጥብ ስድስተኛው ፎቅ በዓይኗ ዞረ። አሳንሰሩ፣ ጠባቡ በረንዳ፣ ከላይ ወለሉን የሚረግጠው ጎረቤት። ያም ሆኖ አልጸጸታትም፤ ይህ ራሷንም ገረማት።

ንጋት ላይ በልማድ ቦቲዋን አጥልቃ ስትወጣ ቲልማን የተራራ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ፍራውከ ከኋላው ታዛጋለች።

«ያላየነው መንገድ ይኖራል?» አላት ፊቱን ሳይፈታ።

«አለ። የሰሜኑ ጫፍ።»

«በጨርቅ ይመሩናል ወይስ በእግርዎ?»

«በእግሬ።»

መራቻቸው። ሰውየው ሦስት ጊዜ «እባክዎ ትንሽ እንረፍ» አለ፤ የፈቀደችለት አንዱን ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቲልማን ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ እያለከለከ በመጨረሻ ሳቀ። ቬኔታ ቆማ ሸለቆዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራችለት።

እንግዶቹ በሄዱ በሁለተኛው ቀን ዴቴሊና ደወለች።

«እማ፣ አምስት ኮከብ ሰጥተውሻል። ግን ይሄ ምንድነው? ‹አከራዩ ሞቷል። ሚስቱ በሕይወት አለች፤ ተራራውን የምታውቀውም እሷ ናት። ጉልበት የሌለው ሰው አይምጣ።› ምን ማለቱ ነው?»

«የጻፈውን ማለቱ ነው» አለች ቬኔታ።

ዴቴሊና ለገዢው ቤቱ እንደማይሸጥ ነገረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስድስት ፖላንዳውያን መጡ፤ አራቱ ቬኔታ ቤት አደሩ፣ ለሁለቱ ቦታ ስላልነበረ ጾንካ ቤት ተኙ።