ስንት ትራስ?

«ስንት ትራስ ደርባ ነው የምትተኛው?» አለ ሐኪሙ።

አልጣሽ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። ልጇ ኤልቤቴል አጠገቧ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። በሩ ላይ ደግሞ ጎረቤታቸው ፈይዛ ቆማለች፤ ዲላ ገበያ ዳር ሱቅ አላት፣ በባጃጅ ያመጣቻቸውም እሷ ናት። አልጣሽ የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ወዲህ በአሻራ ፋንታ ስሟን ጽፋ ስትፈርም ዛሬ፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ፣ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈይዛ አይታ፣ «አንቺ! ጸሐፊ ሆነሽልኝ የለም እንዴ!» ብላታለች። የዚያ ደስታ ሙቀት ገና ከፊቷ አልወረደም። አሁን ደግሞ ስለ ትራስ!

ቤታቸው ያለው ትራስ አንድ ነው፤ እሱም የእንግዳ ነው። ኤልቤቴል ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ በቡና ጆንያ ውስጥ አሮጌ ልብስና የደረቀ የእንሰት ቅጠል ጠቅጥቀው ግድግዳ ያስደግፏታል፤ ቁጭ እንዳለች ታንቀላፋለች። ይህን በፈይዛ ፊት እንዴት ትናገረው? ሐኪሙ ድህነቷን የሚለካባት መሰላት።

«አንድ ነው» አለች። «እንደ ሰው ነው የምትተኛው።»

ኤልቤቴል ቀና ብላ እናቷን አየቻት።

«ጋደም ስትል ትንፋሽ ካላጠራትማ ብርድ ይሆናል» አለ ሐኪሙ፤ የሳል መድኃኒት አዘዘላቸው። «ካልተሻላት ግን መልሳችሁ አምጧት።»

አልተሻላትም። ሳሉ ባሰ፤ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት፤ ከጓዳ እስከ ጓሮ መራመድ አቃታት። ፈይዛ አሁንም ባጃጅ ጠርታ ሦስቱም ተመለሱ። ሐኪሙ ደረቷን ደጋግሞ አዳመጠና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። አሁን የመለሰችው ኤልቤቴል ናት።

«ጆንያ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። ከመጀመሪያውም እንደዚያ ነበር።»

ሐኪሙ ወደ አልጣሽ ዞረ። «እናቴ፣ የጠየቅኩዎት ስለ ቤትዎ ዕቃ አይደለም። የልብ የግራው ክፍል ደም መግፋት ሲያቅተው፣ ደሙ ሳንባ ውስጥ ይከማቻል፤ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ጋደም ስትል ውኃው ሳንባዋን ያፍነዋል፤ ትራስ ደርባ ከፍ ስትል ይቀላታል። ያኔ ቢነግሩኝ፣ ያኔውኑ ለልብ ስፔሻሊስት እልካት ነበር።»

«ሰው አፍሬ ነው፣ ዶክተር» አለች አልጣሽ።

«ማንን አፍረሽ?» አለች ኤልቤቴል።

ፈይዛ ገባት። «እኔን ነዋ! ኧረ አልጣሽ! የኔን ቤት ብታዪው! አራት ልጆች በአንድ ትራስ ሲጓተቱ ነው የሚያድሩት።»

አልጣሽ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አምቡላንስ ተዘጋጀ። «አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚይዘው» አለ ሐኪሙ። «የሚጠይቋችሁን ሳይደብቅ የሚናገር ይሁን።»

አልጣሽ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

ኤልቤቴል ዓይኗን መሬት ላይ እንደተከለች፣ «እትዬ ፈይዛ ትምጣ» አለች።

ፈይዛ ደንግጣ አልጣሽን አየቻት። አልጣሽ፣ «ሂጂላት» አለቻት።

ኤልቤቴልና ፈይዛ ወደ ሐዋሳ ሄዱ። አልጣሽ ዲላ ቀረች።