አራተኛው ኢኖኬ

ሳኪዩሳ ምሏል። አዲስ የተወለደው ልጁ፣ ሰማይ ቢገለበጥ፣ ኢኖኬ አይባልም።

መንደሩ እንደሆነ በኢኖኬ ተጥለቅልቋል። ከወንዙ ወዲህ ሁለት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አንድ። ሁሉም ስሙ የወጣለት ለአንድ ሰው ክብር ነው፤ ፈረንሳይ ሄዶ ለዓመታት ራግቢን እንጀራው ላደረገው፣ በዓለም ዋንጫም የፊጂን ነጭ ማሊያ ለለበሰው ለሳኪዩሳ የአጎት ልጅ። ጠዋት አንዷ እናት «ኢኖኬ!» ብላ ስትጣራ ሦስት ልጆች ከሦስት አቅጣጫ ይሮጣሉ። ሳኪዩሳ ያን ጊዜ መቆፈሪያውን አንስቶ ወደ ጎደሬ ማሳው ይወጣል።

ፓስተሩ ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ብሎ በሰበከ ቁጥር ሰው ሁሉ አንገቱን አዙሮ እሱን የሚያየው ይመስለዋል። ቢያዩትስ! እነሱ ምን ያውቃሉ? ዋና ከተማው ሱቫ ላይ በተደረገው የትምህርት ቤቶች ፍጻሜ ኳሷ የነበረችው በእሱ እጅ ነው። ሩጫ ከተባለም ኢኖኬን ያስከነዳው ነበር። ፊቱ የቀረው አንድ ተከላካይ ነው፤ ጥሶት ማለፍ ሲችል፣ ጨዋ ነኝ ብሎ፣ አሠልጣኙ እንዳስተማረው ክንፍ ላይ ለነበረው ለኢኖኬ አቀበለው። ኢኖኬ ኳሷን ከመስመሩ ማዶ አሳርፎ ነጥብ አስቆጠረ። ሜዳ ዳር የቆመው የፈረንሳይ ክለብ ሰውዬም የኢኖኬን ስም ጠየቀ። ያቀበለው ማነው ብሎ የጠየቀ የለም።

የዓለም ዋንጫው ጊዜ መንደርተኛው ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ሲጮህ፣ ሳኪዩሳ ብቻውን ወንዝ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር። ጩኸቱ በተሰማ ቁጥር እርር ድብን ይላል። ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ሊቲያን ምንጣፍ ስትሠራ አገኛት።

«ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ሰው ስም እዚህ ቤት እንዳይነሳ!» አላት። «ወሬውም እንዳይገባ! ሰማሽ?»

«እሺ» አለች ሊቲያ ቀና ሳትል።

«ደግሞ ይኼ ምንጣፍ የማነው?»

«የቤተ ክርስቲያን።»

አሁን ኢኖኬ ጉልበቱ አልቆ፣ ጨዋታ አቁሞ፣ ዘመድ ጥየቃ መጣ። እንዲያው ሌላ ሳምንት ጠፍቶ፣ የሕፃኑ ስም በሚወጣበት ሳምንት!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ በሽማግሌው በፔኒያሲ ቤት ካቫ የሚሉት የሥር መጠጥ የተበጠበጠበትን ገበታ ከበው፣ ሴቶቹም ሕፃኑን ይዘው ከበሩ በኩል ተቀመጡ። ኢኖኬ እያነከሰ ገባ፤ እግር ማጣጠፍ ስላቃተው ሽማግሌውን አስፈቅዶ ዘረጋው። ታቫሌ የሚባሉት የአክስትና የአጎት ልጆች ቢሰዳደቡ ማንም አይቀየማቸውም፤ ሳኪዩሳም መብቱን ሳይሸራርፍ ተጠቀመበት።

«ለእሱ ጎደሎ ቅዱለት!» አለ። «የፈረንጅ ወይን ሆዱን አልፈስፍሶታል፤ የእኛን አይችልም።»

«አይ ታቫሌ!» ኢኖኬ ሳቀ። «ጎደሬ ስትበላ ኖረህ ጎደሬ መስለሃል እኮ!»

«እግርህን ሰብስብ፣ መንገድ ዘጋህ። ወይስ ጉልበትህንም ለፈረንሳዮች ሸጥክላቸው?»

ሳቁ ቀዘቀዘ። ይኼኛው ቀልድ እንዳልነበረ ሁሉም አወቀ። ኢኖኬ ጉልበቱን ዳበሰና «ሸጥኩት» አለ በቀስታ።

ሽማግሌው ፔኒያሲ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በሉ፣ የልጁን ስም እንስማ።»

ሁሉም፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል፣ ኢኖኬን አዩት። ሳኪዩሳ አስቀድሞ የመረጠውን ስም፣ «ኤሊኪ»፣ ሊል አፉን ሲከፍት ኢኖኬ እጁን አነሳ።

«ከስሙ በፊት አንድ ምስጋና አለብኝ» አለ። «ሳኪዩሳ፣ ለሞክሼህ የላክህለት ምንጣፍ! ልጄ እሱ ላይ ዳኸ፣ እሱ ላይ ቆመ። አሁን እናቱ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። ላመሰግንህ ስንቴ ደወልኩ፤ ሁልጊዜ ማሳ ሄዷል ይሉኛል።»

«ሞክሼዬ?» አለ ሳኪዩሳ።

«ሳኪዩሳ ነዋ! ዘጠኝ ዓመት ሞላው። ታዲያ ማን ልበለው? ኳሷን ያቀበለኝ ማን ሆነና?»

ሳኪዩሳ ክው አለ። ወንዶቹ ሁሉ የያዙትን የኮኮነት ቅል ውስጡን ማየት ጀመሩ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር፣ ለእሱ ለመንገር የደፈረ ግን አልነበረም። ዞሮ ከሴቶቹ መሐል ሊቲያን ፈለጋት። እሷ ደግሞ የሕፃኑን መጠቅለያ በማስተካከል ተጠምዳለች። ያ የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ!

አፍሯል፤ ግን ከኀፍረቱ ይልቅ ያንገበገበው ሌላ ነው። በዚህም ቀደመኝ! ኢኖኬ ታወቀ፣ ከበረ፣ አልበቃ ብሎት በደግነትም ቀደመው። እስከ ዛሬ ሳኪዩሳ ቢያንስ የተረሳሁ ሰው ነኝ እያለ ይጽናና ነበር፤ አሁን ያችንም መጽናኛ ወሰደበት።

«ምንም አይደል» አለ። «ምንጣፍ ምን አላት።»

«ታዲያ ስሙ?» አለ ሽማግሌው።

ሳኪዩሳ የቀረበለትን ካቫ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። «ኢኖኬ።»

«ኧረ ተው ታቫሌ፣ አራተኛ ሊሆን ነው!» አለ ኢኖኬ፤ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን አገባህ? ይኼኛው ከሁላችሁም የሚፈጥነው ነው።»

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ሳኪዩሳ ከፊት፣ ሊቲያ ሕፃኑን አቅፋ ከኋላ ነበሩ። ደጃፉ ሊደርሱ ሲሉ ዘወር አለ።

«የምንጣፉ ዳር ምን ክር ነበር?»

«ቀይና ሰማያዊ። እንደሱ ያለ ከዚያ ወዲህ አልሠራሁም።»

«ለገዛ ልጅሽስ?» አለ በቁጣ። «ለእሱ የተረፈውን ልታነጥፊለት ነው?»

ሕፃኑ ማልቀስ ጀምሯል። ሊቲያ ግን ደፉ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ምን ያስቆምሻል? አባብይው እንጂ!»

«ስሙን እየጠራሁ ነበር የማባብለው» አለች። «ግን እዚህ ቤት ተከልክሏል።»

ሳኪዩሳ አያት። ከዚያ ልጁን ከእጇ ተቀብሎ ገባና ከጓዳው ጥግ ተቀመጠ።

«ኢኖኬ» አለ። «ኢኖኬ፣ ኢኖኬ» አለ ደግሞ፤ ልጁ ዝም ካለ በኋላም አልተወም።