ሁለቴ የተከፈለው ዱቄት

ሮሴል የእናቷን የዳቦ ቤት መዝገብ ስታገላብጥ ክው ብላ ቀረች። ለዱቄት ነጋዴው በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተከፍሎታል። ያው ሃያ ከረጢት፣ ያው የደረሰኝ ቁጥር፣ ሁለቱም በዚያ በሚያምረው በእናቷ በናናይ ሳልቫስዮን የእጅ ጽሑፍ ሰፍረዋል። አርባ ዓመት አንዲት ሳንቲም ያልሳተች ሴት! ባለፈው ወር ስኳሩም እንዲሁ ሆኖ ነበር።

እናትን "ተሳሳትሽ" ማለት በምን አፍ? ሮሴል አልደፈረችም። ይልቅስ ኢሎኢሎ ከተማ ወርዳ የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት ታብሌት ይዛ መጣች።

"ናናይ፣ በወር ስድስት መቶ ፔሶ ብቻ! ደረሰኙን ፎቶ ታነሺዋለሽ፣ የቀረውን እሱ ይደምራል። ለማናንግ ፔሊ ብንሰጥ ሦስት ሺህ ነው።"

ማናንግ ፔሊ ከገበያው ጀርባ ቢሮ ከፍታ የሰፈሩን ሱቆች ሒሳብ የምትይዝ፣ አፏ የማያርፍ ሴትዮ ናት። ከናናይ ጋር ዓይንሽ ላፈር ከተባባሉ ሃያ ዓመታቸው ነው። "ያቺ ምላሳም መዝገቤን ከምትነካ ምድጃዬ ይጥፋ" ስትል የኖረች ናናይ ታብሌቱን ያለ ክርክር ተቀበለች። ሮሴልም እፎይ አለች።

በአራተኛው ቀን ዳቦው ተሸጦ ካለቀ በኋላ ናናይ ጠራቻት።

"ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ቁጭ በይ። ትናንት የእርሾውን ደረሰኝ ለዚህ ዕቃሽ ሦስት ጊዜ ሰጠሁት።"

"ሦስት ጊዜ? ለምን?"

"ልፈትነው ብዬ ነዋ! ሦስቴም እሺ አለኝ። እሺ ባይ መች ቸገረኝ? አንቺስ የዱቄቱን አይተሽ ዝም አላልሽም?"

ናናይ መዝገቧን በብብቷ ይዛ፣ ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች። ሮሴልም ተከተለቻት።

"ኧረ ጉድ! ሳልቫስዮን!" አለች ማናንግ ፔሊ፣ ገና ከደጅ ስታያት። "ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?"

"ሒሳቤን ያዢልኝ። ስሳሳት ንገሪኝ። ልጄ ታዝንልኛለች፤ አንቺ አታዝኚልኝም።"

ማናንግ ፔሊ ወንበር ሳበችላት፣ መነጽሯን አደረገች፣ መዝገቡን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ብዙም አልቆየች።

"ይኼ ዱቄት ሁለቴ ተከፍሎበታል። ምን ሆነሽ ነው?"

ናናይ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

"እየረሳሁ ነው፣ ፔሊ" አለች።

ሮሴል በሩ ላይ እንደቆመች አለቀሰች።